የተሳልኩትን ጃንጥላ ብል በላው፤ አሁን ልስጠው ወይስ ልጠብቅ?

ጥልፍ ሰፊዋ (ጎንደር)፦

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ። ወርኀ ጽጌ ሊወጣ አሥር ቀን ቀረው፤ ከዚያ በፊት የሚመልስልኝ ባገኝ ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሥራዬ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ስፌት ነው። ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ አንድ በእግር የምትመታ ሲንጀርና አንድ የኤሌክትሪክ መኪና። መብራት ሲጠፋ፣ እንግዲህ ታውቁታላችሁ፣ ሲንጀሯ ናት የምታበላን። ካባ እሰፋለሁ፣ መጋረጃ እሰፋለሁ፣ መጎናጸፊያ እሰፋለሁ፤ ከሁሉ የሚበዛው ግን የስለት ጃንጥላ ነው። ስለቱ የደረሰለት ሰው ገና ከበሩ ያስታውቃል። ልጇ ከዐረብ አገር በደህና የገባችላት፣ ከአልጋ የተነሣ፣ መንታ የታቀፈች። ዋጋ አይከራከሩም። ከፋዩን በእጃቸው እየዳበሱ ‘ወርቀ ዘቦ ይግባበት፣ ዘርፉ ይርዘም’ ይላሉ። እኔ የሰው ደስታ በክንድ እየለካሁ እቆርጣለሁ።

የራሴም አንድ አለኝ። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ኅዳር 6 ቀን በበዓሏ ቁስቋም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ‘እመቤቴ፣ ከልጅሽ ለምነሽ ልጅ አሰጪኝና ጃንጥላ አመጣልሻለሁ’ ብዬ ተሳልኩ። 26 ዓመቴ ነበር። ችኩል ነኝና በዚያው ሳምንት ቆረጥኩት። ቀይ ከፋይ፣ ጫፉ ላይ ዙሪያውን የወርቅ ክር ሐረግ። ሌሊት ሌሊት ሠርቼ በወር ጨረስኩት፤ በአቡጀዲ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። አሁን 34 ነኝ። ጃንጥላውም ያው ሳጥን ውስጥ ነው።

በየዓመቱ በኅዳር 6 ባዶ እጄን ዳገቱን እወጣለሁ። ከሚገቡት ጃንጥላዎች ግማሾቹ የእጅ ሥራዬ ናቸው። ገበዙ በድምፅ ማጉያ ‘እህታችን ተስላ ደርሶላት’ ሲሉ እኔም እልልታዬን አቀልጠዋለሁ። ከልቤ ነው፣ አልዋሽም። ቤት ስገባ ግን ጉሮሮዬን ያመኛል።

ባለፈው እሑድ ከማኅሌተ ጽጌ ስመለስ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሳጥኑን ከፈትኩት። ድሮ ክረምት ሲወጣ ፀሐይ አስመታው ነበር፤ ሁለት ዓመት ሆነኝ ትቼዋለሁ። ጠርዙ አጠገብ አንድ ቀዳዳ። ብል። ጣቴን ሰደድኩት፣ በወዲያ በኩል ወጣ። ቢገርማችሁ አላለቀስኩም፤ መጀመሪያ ያሰብኩት የከፋይን የዛሬ ዋጋ ነው። ማታ ነው የመጣብኝ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ጠግኜ አሁን ልስጠው? ብሰጠው ደግሞ ምን ማለት ነው? ጉቦ ይመስለኛል፣ ‘ይኸው እኔ ከፈልኩ፣ አንተስ?’ እንደማለት። አማቴ ‘ስለት ሳይደርስ ማግባት ተስፋ መቁረጥ ነው፣ እንዳታደርጊው’ ይላሉ። ከሁሉ የባሰው በድምፅ ማጉያ ‘ደርሶላት’ ተብሎ ሊነገርልኝ ነው፤ ሕዝብ ፊት ውሸት።

‘የእግዚአብሔርን ሰዓት ጠብቂ’ የማይለኝ የለም፤ የንስሐ አባቴም ያሉኝ ይሄንኑ ነው። እሺ፣ እጠብቃለሁ። ግን እንዴት ነው የሚጠበቀው? አውቶቡስ መጠበቅ አውቃለሁ፤ ሻንጣ ይዞ መቆም ነው። መብራት መጠበቅም አውቃለሁ፤ ሲንጀሯን እየመታሁ ነው የምጠብቀው። ይሄኛውን ግን ስምንት ዓመት ጠብቄው አሠራሩን አላወቅሁትም።

ሐኪም ቤት ሄደሻል ወይ ለምትሉኝ፣ ሄጃለሁ፤ ‘አንቺ ምንም የለብሽም’ ተብያለሁ።


የፒያሳው፦

ስጪው በቃ። ብል ከሚበላው ታቦት ይጠለልበት።


የበአታ ተማሪ፦

ሰላም ለኪ እህቴ። በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (የማኅሌቱን ዜማና ዝማሜ) እየተማርኩ ነው። መምህር አይደለሁም፤ ከየኔታ እግር ሥር የሰማሁትን ነው የማቀብልሽ።

መጀመሪያ የዕዳውን ነገር እንጨርስ። ያንቺ ስለት ‘ካገኘሁ እሰጣለሁ’ የሚል ነው። ያልደረሰ ስለት አይጠየቅም። መክብብ 5 ላይ ‘ተስለህ አትዘግይ’ የሚለውን እኔ የተማርኩት ደርሶለት ለሚያጓትት ሰው ነው። እንግዲህ አሁን ብታስገቢው ስለት ሳይሆን መባ ነው የሚባለው። ለገበዙ ‘መባ ነው’ በያቸው፤ ማንም አይዋሽም። ልጁ የመጣ ዕለት ስለቱ እንዳለ ይጠብቅሻል፣ ያኔ ሌላ ትሰፊያለሽ። አማትሽ ቅር አይበላቸው።

ወደ ‘እንዴት ነው የሚጠበቀው’ ስመጣ፣ እኔ ራሴ ከአኩፋዳ ጋር ብዙ ዓመት የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ጥያቄሽ ነክቶኛል። ዳዊት በ39ኛው መዝሙር ‘ጸኒሐ ጸናሕክዎ ለእግዚአብሔር’ ይላል፤ መጠበቅን በመጠበቅ ላይ ደርቦ። አማርኛው ‘እግዚአብሔርን ደጅ ጠናሁት’ አለው። ለጎንደር ሰው ደጅ መጥናትን ማን ያስተምረዋል? የፋሲል ግቢ 12 በር አለው። ሹመት ፈላጊው፣ ርስቱ የተወሰደበት፣ ፍርድ የጎደለበት ከየአገሩ መጥቶ እዚያ በሮች ላይ ይከርም ነበር። ደጅ ጠኚ ቤቱ ተኝቶ አይጠብቅም። ጌታው ሲወጣ ያጅባል፣ ሲገባ ይመለሳል፣ ሥራ ሲገኝ ይላላካል፣ ነገ ማለዳ እዚያው ቆሞ ይገኛል። ምን ጊዜ እንደሚጠራ አያውቅም፤ ሲጠራ ግን ቅርብ ነው። የእኛ ልዩነታችን የምንጠናው ጌታ አጀብ ወዶ የሚያቆየን አለመሆኑ ነው።

(በነገራችን ላይ ‘ጸንሐ’ እና ‘ፀንሰ’ ለጆሮ የሚለያዩት በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነው። ቅኔ ቤት ብሆን ላንቺ ሰምና ወርቅ እዘርፍባት ነበር። አቋቋም ነውና ዕድሜዬን የፈጀሁት ይቅርብኝ።)

የተሳልሽባትንም ቀን አስቢያት። ቁስቋም የስደት በዓል ናት። መልአኩ ዮሴፍን ‘ወደ ግብፅ ሽሽ፥ እስክነግርህም ድረስ በዚያ ተቀመጥ’ ነው ያለው፣ ማቴዎስ 2፥13። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገረውም። በትውፊታችን ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ነው። ዮሴፍ ጠራቢ ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን መጥረቢያውን ሰቅሎ መልአክ ሲጠብቅ ቁጭ ብሏል ብዬ አላስብም። ይሄ የእኔ ግምት ነው፣ የየኔታ አይደለም። አንቺ ግን መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል፤ ስለ መብራቱ ያልሽውን ተመልሰሽ አንብቢው።


የአዘዞዋ እናት፦

እናት ዓለም፣ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። የተማሪውን ቃል አንብቦልኛል፤ እግዜር ያሳድገው፣ ጥሩ ብሏል። እኔ ግን ያልተማርኩ ነኝና ሌላ ልበልሽ።

ገና ብዙ ሰው ሐናን ይጠቅስልሻል። በቤተ መቅደስ አልቅሳ፣ ካህኑ ሰክራለች ብሎ ተቆጥቷት፣ ኋላ መርቋት ወጣች፤ ሄዳም በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ ያዘነ አልመሰለም ይላል። ያኔ እኮ ሳሙኤልን ገና አልፀነሰችም! ይሄን በሰማሁ ቁጥር ‘ወይ መታደል’ እላለሁ። የእኔ ፊት አልተመለሰም። ልጄ በመተማ ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንድ ጊዜ ከሱዳን ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። አሁንም ሌሊት የግቢው ቆርቆሮ ሲንኳኳ እነሣለሁ። ንፋስ መሆኑን አውቃለሁ፤ እነሣለሁ። እምነት ያላት ሴት ረግታ ትተኛለች ብለው የሚነግሩሽን አትስሚያቸው፤ ሳይተኙም ይታመናል።

ስለ ጃንጥላው። ለልጄ ጋቢ አስቀምጬለት ነበር፣ እኔው የፈተልኩት። በየዓመቱ ለፋሲካ አውጥቼ አጥበዋለሁ፣ አጥፌ እመልሰዋለሁ። አምና ጎረቤቶቼ ‘ብትሰጪው ተስፋ ቆረጠች ይሉሻል’ እያሉኝ፣ አንድ የቆሎ ተማሪ በብርድ ‘በእንተ ስማ ለማርያም’ እያለ መጣ፤ ደበሎው ተቦትርፏል። ጋቢውን ሰጠሁት። ማታ ዕንባዬ ወረደ እንጂ አልጸጸተኝም። ለልጄ አሁን ሌላ እየፈተልኩለት ነው። እጄ እንዳይፈታ።

አንድ ነገር ልጨምርና ይብቃኝ፤ ልጁም ደከመው። ቁስቋምን ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ልጃቸው ኢያሱም፣ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስም ቀድመዋቸው ነው የሞቱት። ያን ሁሉ አይተው ቀሪ ዘመናቸውን እዚያው ቁስቋም ኖሩ። ወልደሽ ስትስሚ መጠበቁ ያልቃል ብለሽ እንዳታስቢ ነው፤ ሌላው ይጀመራል። ላስፈራሽ አይደለም። ውለጂ፣ ሳሚ፣ እኔም እመርቅሻለሁ።


ነርስ ነኝ፦

ሁላችሁም ደስ የሚል ነገር ጽፋችኋል፤ እኔ አንዲት መስመር ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። ‘አንቺ ምንም የለብሽም ተብያለሁ’። ባለቤትሽስ? ስለሱ አንድ ቃል አልጻፍሽም።

ሙያዬ ስለሆነ በግልጽ ልናገር። ባልና ሚስት አንድ ዓመት ሙሉ ሞክረው ካልፀነሱ ሁለቱም እንዲመረመሩ ነው የሚመከረው፤ ሴቷ 35 ካለፈች በስድስት ወር። ከሚቸገሩት ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱም ችግር አለበት፣ ለብቻው ወይ ከሴቷ ጋር ተደርቦ። የወንዱ ምርመራ ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ናሙና ነው የሚሰጠው፣ ማንም አይቀደድም። የማየው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሴቷ ሦስት አራት ሐኪም ቤትና አምስት ፀበል ትዞራለች፣ ሰውዬው ውጭ ቆሞ ‘ምን አሉሽ?’ ይላል። ብዙው ችግር ይታከማል፤ ከባድ የሆነውም ቢሆን አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል።

ይሄን ስናገር እምነት የጎደለኝ የሚመስለው ሰው ካለ ሲራክ 38ን ያንብብ፤ ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል። ለእግዚአብሔር ስምንት ዓመት ምንም አይደለም እህቴ። ለእንቁላል ግን ነው።


ጥልፍ ሰፊዋ (ጎንደር)፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። የአዘዞዋ እማማ፣ እርስዎ የጻፉትን ሱቅ ውስጥ አንብቤ በሩን መዝጋት ነበረብኝ።

ነርሷ፣ ይዘሽኛል። አልተመረመረም። የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ‘ቀን የለኝም’ ይላል፣ ‘ጤነኛ ነኝ’ ይላል፣ ‘እግዚአብሔር ያውቃል’ ይላል። እኔም ላለማስከፋት ‘እሺ’ እያልኩ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ትናንት ጥልፉ ላይ አጎንብሼ ምን መጣብኝ መሰላችሁ? የምጠብቀው እግዚአብሔርን ነው ወይስ ባሌን?

አንድ ፀበል ቦታ ‘ሐኪም ቤት የሄደች ፀበሉ አይሠራላትም’ ተብዬ የታዘዘልኝን ኪኒን የጣልኩበት ጊዜም አለ። ለዚያኛው ያፈርኩትን ያህል ለሌላ አላፈርኩም። ይሄም ይጻፍ፣ ሌላዋ እንዳትጥል።


ከማራኪ፦

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ስለ ስለትና ስለ ጃንጥላ አላውቅም፣ እንዳትሰድቡኝ። ኢሳይያስ 40 ላይ እግዚአብሔርን በመተማመን የሚጠባበቁ ‘እንደ ንስር በክንፍ ይወጣሉ፤ ይሮጣሉ፥ አይታክቱም፤ ይሄዳሉ፥ አይደክሙም’ ይላል። እኛ ቤት ንስሩ ነው የሚሰበከው። እናቴን ሁለት ዓመት ሳስታምም ግን ንስሩም ሩጫውም አልነበረም፤ የመጨረሻዋ ብቻ ነበረች። ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት ወደ አልጋ፤ ይሄዳሉ፣ አይደክሙም። እጸልይልሻለሁ።


ጥልፍ ሰፊዋ (ጎንደር)፦

ዛሬ ኅዳር 7 ነው። ቃል ስላለብኝ የሆነውን ልንገራችሁ። ማራኪ፣ ማንም አይሰድብሽም፤ ጸልዪልኝ።

ባለቤቴን አፌ እንቢ ስላለኝ ስልኩን ሰጠሁት። የቲኬት ጽሑፍ እንኳ የማይጨርስ ሰው እስከ መጨረሻው አነበበ። ‘ሴትዮዋ ጋቢውን ሰጡት?’ አለኝ። አዎ አልኩት። ዝም አለ። መብራት አጥፍተን ተኝተን፣ እንቅልፍ ወሰደው ብዬ፣ በጨለማ ውስጥ ‘ናሙናውን እንዴት ነው የሚቀበሉት?’ አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ፣ ቆይቶ።

ጃንጥላውን ከውስጥ በሌላ ከፋይ ደግፌ ቀዳዳው ላይ አበባ ጠለፍኩበት፤ የጽጌ ስለሆነ። ስምንት ቁራጭ ነው ያለው፤ እንደ ደንቡ በሰባቱም ላይ ያንኑ አበባ መድገም ነበረብኝ፣ ካልሆነ ዓይን ይወጋል። አልደገምኩም። ለደንበኛ ቢሆን በፍጹም አላደርገውም።

ትናንት ማለዳ ተሸክሜው ወጣሁ። ገበዙ ‘የምን ስለት ነው ልጄ?’ አሉኝ።

‘ስለት አይደለም አባ፣ መባ ነው።’

‘ስለትስ የለሽም?’

‘አለኝ። ገና ነው።’

ጃንጥላውን ዘረጉት፤ አበባዋን በአውራ ጣታቸው ነኳት። ‘ይቺ ለብቻዋ ምንድን ናት?’

‘ብል በልቶት ነው።’

‘እህ’ አሉና ተቀበሉኝ። በሰላም ተገላገልኩ ብዬ ሴቶቹ መሃል ሄጄ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ድምፅ ማጉያው ‘አንዲት እህታችን ጃንጥላ መባ አምጥታለች፤ ስለቷ ገና ነው፣ በጸሎት አስቧት’ አለ። ‘ገና ነው’ን እንዲያውጁት ማን ነገራቸው! ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩት። እልልታው ግን መጣ፤ እኔ ብቻ ነኝ ያላልኩት። አጠገቤ የቆመች ሴት ‘ማን ትሆን?’ ብላ ጠየቀችኝ፤ እንጃ አልኳት። ይቅር ይበለኝ፣ ውሸቱ በዚያ በኩል አልቀረልኝም።

ታቦቱ ሲወጣ ከፊት የያዙት የእኔን አልነበረም። ቅር አለኝ፣ አልደብቃችሁም። ሁለተኛው ዙር ላይ አየሁት፣ ከኋላ ሦስተኛው። አበባዋ በወዲያ በኩል ዞራ አትታይም ነበር።

ቀጠሯችን ኅዳር 12 ጠዋት ነው። ሚካኤል መሆኑን ኋላ ነው ያየሁት፤ ላብራቶሪው ይሠራል ብለውናል። ነርሷ፣ ከዚያ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ አለ?


ነርስ ነኝ፦

እሰይ! አለ። ናሙና ከመስጠቱ በፊት ከሁለት ቀን ያላነሰ፣ ከሰባት ቀን ያልበለጠ ከግንኙነት መታቀብ አለበት። በቅርቡ ትኩሳት ይዞት ከነበረ ወይም መድኃኒት ከወሰደ ይንገራቸው። የመጀመሪያው ውጤት ጥሩ ካልሆነም አትደንግጡ፤ ደግመው ነው የሚያዩት። ያንቺንም የድሮ ወረቀቶች ሁሉንም ይዘሽ ሂጂ። ውጤቱን ስትሰሙ እሱ ውጭ እንዳይቆም፤ አብራችሁ ግቡ።


ጥልፍ ሰፊዋ (ጎንደር)፦

እሺ እህቴ፣ እነግረዋለሁ። ወረቀቶቹ እዚያው ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ብል አልነካቸውም። አሁን መብራት ጠፍቷል፤ ለሚካኤል የሚደርስ መጋረጃ ይዣለሁ።